የሕፃናት የሌሊት ልብስ፤ ሙቀትና እሳት በጣና ዳር

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ባሕር ዳርን የሚያውቅ ሁሉ ስሟን ከዘንባባና ከሙቀት ጋር ያያይዘዋል። ይሁንና ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ እንደመሆኗ መጠን ቀኗና ሌሊቷ አንድ አይደሉም። በታኅሣሥና በጥር ሰማዩ ጥርት ሲል፣ ቀን 26 ዲግሪ የደረሰው አየር ጎሕ ሊቀድ ሲል ወደ 8 ወይም 9 ዲግሪ ይወርዳል። አባት በጉርድ ሸሚዝ ሐይቁ ዳር ሲንሸራሸር ያመሽና ልጁንም በዚያው በቀን ልብሱ ያስተኛዋል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ብርዱ ሲገባ የሚነቃው ግን ሕፃኑ ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን ከክብደቱ አንጻር ያለው የገላ ስፋት ከአዋቂው ከሁለት እጥፍ በላይ ነውና ሙቀቱን ቶሎ ያጣል፤ እንደ አዋቂ ተንቀጥቅጦ ሙቀት ማመንጨትም አይችልም።

ሰውን የሚያሞቀው በእርግጥ ጨርቁ ሳይሆን በክሮቹና በድርቦቹ መካከል የተያዘው አየር ነው። ሸማኔው ጋቢን አራት ድርብ አድርጎ ሲሠራ ይህን በልምድ ያውቀዋል። ሁለት ስስ ልብሶች ተደርበው ከአንድ ወፍራም ልብስ ይልቅ የሚያሞቁትም በዚሁ ምክንያት ነው። ጨርቁ ከራሰ ግን የአየሩን ቦታ ውኃ ይወስደዋል፤ ውኃም ሙቀትን ከአየር ከሃያ ጊዜ በላይ አብልጦ ያስተላልፋል። ስለዚህ ሽንቱን የለቀቀ ልጅ በወፍራም ጥጥ ተጠቅልሎ ከሚያድር ይልቅ በስስ ደረቅ ልብስ ቢያድር ይሻለዋል።

ችግሩ ያለው ያው አየር ለእሳትም የሚያገለግል መሆኑ ላይ ነው። በምንተነፍሰው አየር ውስጥ ያለው ኦክሲጅን 21 ከመቶ ያህል ነው። ጥጥ ነድዶ ለመቀጠል 18 ከመቶ ያህል ሲበቃው፣ የበግ ጸጉር ግን 25 ከመቶ ገደማ ይሻል። ከዚህም የተነሣ የጥጥ ልብስ ነበልባሉ ከራቀለት በኋላ እንኳ መንደዱን ሲቀጥል፣ ሱፍ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ፖሊስተር ደግሞ 260 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይቀልጥና ከገላ ጋር ይጣበቃል። ከሁሉ ፈጥኖ የሚያያዘው ስስ ጥጥና፣ ለልጅ ይለሰልሳል ተብሎ ላዩ ጸጉራም እንዲሆን የተበጠረው የጥጥ ጨርቅ ነው፤ እናቶች በገበያ አስቀድመው የሚዳስሱትም ይህንኑ ነው።

እሳቱ ሩቅ አይደለም። የጣና ውኃ በጢስ ዓባይ፣ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህም በበለስ ተርባይን ያዞራል፤ በሐይቁ ዳርና በደሴቶቹ ባሉ ብዙ ቤቶች ግን ማታ የሚበራው ኩራዝ ነበር፤ ዛሬም ያልጠፋበት ቤት አለ። በከተማው መብራት ሲጠፋ ሻማ ይለኮሳል፤ ቡና በከሰል ምድጃ ይፈላል፤ ልጁም በዚያው ወለል ላይ ይድሃል። በተለይ ከሰሉን ለሙቀት ብሎ በተዘጋ መኝታ ቤት ማሳደር ከቃጠሎውም የባሰ አደጋ አለበት፤ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውምና።

ይህን ጉዳይ በኬሚካል ለመፍታት የሞከሩ አሉ። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1971 ለትንንሽ ልጆች የሌሊት ልብስ እሳትን የመቋቋም ደረጃ አወጣ። ፋብሪካዎችም ደረጃውን ለማሟላት ትሪስ የሚባል ብሮሚን ያለበት ንጥረ ነገር ይጠቀሙ ጀመር። ንጥረ ነገሩ ነቀርሳ ሊያመጣ እንደሚችል በመታወቁ በ1977 ከልጆች ልብስ ታገደ። ብዙ ክርክር ከተደረገ በኋላ በ1996 ደንቡ ተሻሻለና ምንም ያልተቀባ ጥጥ እንኳ፣ ከገላ ጋር ልክክ ብሎ እስከተሰፋ ድረስ፣ ለሌሊት ልብስ እንዲሸጥ ተፈቀደ። ኬሚስቱ ያልቻለውን የልብስ ሰፊው ሜትር ቻለው ማለት ነው።

ምክንያቱ ለመሐንዲስ ግልጽ ነው። ሰፊ ቀሚስ ሲያያዝ አየር ከውጭም ከውስጥም ያገኛል፤ ነበልባሉም ወደ ላይ ስለሚወጣ ከጫፉ ተነሥቶ ፊት ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም። ገላ ላይ ያረፈ ጨርቅ ግን በውስጥ በኩል አየር ያጥረዋል፤ የሚዘናፈል ጫፍ ስለሌለውም ኩራዙን አይነካም።

እዚህ ላይ የሚሰናከለው «ያድግበታል» የሚለው አሮጌ ብልሃት ነው። የኑሮ ጉዳይ ስለሆነ በቀላሉ የሚነቀፍ አይደለም፤ ለኮትና ለሱሪም ደግ ነው። ለሌሊት ልብስ ግን አይሆንም። የሰልባጅ ገበያው ነገሩን ያብሰዋል፤ ከአሜሪካ በመጣ ፒጃማ አንገት ላይ «እሳት አይቋቋምም፤ በልክ ይለበስ» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ተሰፍቶ እያለ፣ ለሦስት ዓመት ልጅ የስድስት ዓመቱ ይገዛለታል። ብልሃቱ ያለው ልብስ ሰፊው እጅ ላይ ነው። ባሕር ዳር እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት፤ ጥጥና የስፌት መኪና አልጠፋባትም። ስፋቱ በልጁ ልክ ይሁን፤ የእጅጌውና የእግሩ ጫፍ ይጠበቅ፤ ቁመቱ ላይ ግን ወደ ውስጥ የታጠፈ ሁለት ጣት ያህል ትርፍ ይተው። ልጁ ሲያድግ እጥፋቱ ይፈታል። ዘርፍ፣ የአንገት ክርና የሚንጠለጠል መቀነት አያስፈልጉም።

ዓመት ያልሞላው ሕፃን ጉዳይ ለብቻው ነው። ለእርሱ ብርድ ብቻ ሳይሆን መሞቅ መብዛቱም አደጋ ነው፤ በእንቅልፍ ላይ ከሚደርስ ድንገተኛ ሞት ጋር ይያያዛል። ብርድ እንዳይመታው ተብሎ ፊቱ በነጠላ መሸፈኑ፣ ከእናቱም ጋር በአንድ ጋቢ ሥር መዋሉ ሊቀር ይገባል። በጀርባው ይተኛ፤ ገላው በልብስ ይሙቅ፤ ፊቱና ራሱ ግልጥ ይሁኑ። ለወባው አጎበር አለለት። እጁ ቢቀዘቅዝ አያስደነግጥም፤ የሚዳሰሰው ማጅራቱ ነው። ማጅራቱ ካላበው አንድ ድርብ ይቀነስለታል።

ክረምት ሲመጣ ሌላ ጣጣ አለ። በሐምሌና በነሐሴ በጣና ዳር የታጠበ ወፍራም ጥጥ በአንድ ቀን አይደርቅም፤ ማታ ከሰል ምድጃ ላይ የሚንጠለጠለውም ያን ጊዜ ነው። ለዚህ ከአንድ ወፍራም ልብስ ይልቅ ሦስት ስስ ልብሶችን ማሰፋት ይመረጣል፤ አንዱ ገላ ላይ፣ አንዱ በመደርደሪያ፣ አንዱ በገመድ ላይ።