ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ማታ ሁለት ሰዓት
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ሙቀቱን ችላችሁ ከሰመራ እስከ አዋሽ የመጣችሁትን በተለይ አመሰግናለሁ።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ እንጂ የጤና ባለሙያ አይደለሁም። ስለዚህ ጉዳይ እንድናገር የተጠየቅሁት እናቴ ለታናሽ ወንድሜ ኩላሊቷን ስለሰጠችና የመድኃኒቱን ሰዓትና ወጪ በቤታችን የምመዘግበው እኔ ስለሆንሁ ነው።

በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተጀመረው በመስከረም 2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ በሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ነው። ኩላሊቱን የሚሰጠው በአብዛኛው በሕይወት ያለ ዘመድ ነው። ብዙ ሰው ቀዶ ሕክምናው ሲያልቅ ነገሩ ሁሉ ያለቀ ይመስለዋል። ዋናው ሥራ የሚጀምረው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ሰውነት የተተከለውን ኩላሊት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሊያጠቃው ይነሳል። ይህን የሚከላከሉት እንደ ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌትና ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድኃኒቶች ናቸው፤ ኩላሊቱ እስካገለገለ ድረስ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይቋረጡም።

ታክሮሊመስ በአብዛኛው በየ12 ሰዓቱ ይወሰዳል። በእኛ ሰዓት ለማስታወስ ቀላል ነው፤ ጠዋት 2፣ ማታ 2። በዓመት ሲደመር 730 ጊዜ ይሆናል። በሳምንት አንዱ ብቻ ቢዘለል 52 ጊዜ ጥበቃው ይላላል። ክፋቱ፣ የዘለለ ሰው ወዲያው አያመውም። ጉዳቱ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በደም ምርመራ ክሬቲኒን ከፍ ሲል ነው።

ታዲያ ሰው ይህን እያወቀ ለምን ይዘላል? መርሳት አንዱ ምክንያት ነው። ከመርሳት የከበደው ግን ጭንቀት ነው። «ኩላሊቱ ቢያቆምስ?» የሚል ስጋት አለ። «እናቴን ጎድቼ ዳንሁ» የሚል ሸክም አለ። ፕሬድኒሶሎን ፊት ሲያሳብጥ፣ ታክሮሊመስ እጅ ሲያንቀጠቅጥ ሰው ከጎረቤት መሸሽ ይጀምራል። በተለይ ወጣት ሴቶች የትዳርና የልጅ ጉዳይ ያስጨንቃቸዋል። መውለድ የምትፈልግ እህት ከማርገዟ በፊት ሐኪሟን ታማክር፤ ማይኮፌኖሌት ጽንስን ስለሚጎዳ አስቀድሞ ይቀየራል። የተጨነቀ ሰው እንቅልፍ ያጣል፣ ተስፋ ይቆርጣል፣ በመጨረሻም መድኃኒቱን ቸል ይላል። ስለዚህ «ዋጥህ ወይ?» ብለን ከመቆጣጠራችን በፊት «እንዴት አደርህ?» ብለን እንጠይቅ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ጭንቀትም እንደዚሁ ለሐኪም ይነገራል።

የእኛ አካባቢ የራሱ ፈተና አለው። አዋሽ ከአዲስ አበባ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ሰመራ ደግሞ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይርቃል። በመንገድ ላይ መድኃኒቱን በእጅ ቦርሳ እንጂ በአውቶቡስ ጣራ ላይ ከሚጫን ሻንጣ ጋር አትስጡ። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ከመስኮትና ከምድጃ አርቁት፤ ከማሸጊያው አውጥታችሁም አታስቀምጡት። የታክሮሊመስ መጠን በደም የሚለካበት ቀን ጠዋት፣ መድኃኒቱ የሚወሰደው ደም ከተቀዳ በኋላ ስለሆነ ይዛችሁት ሂዱ። ተቅማጥ ወይም ትውከት ከመጣ ቶሎ ለሐኪም ደውሉ። ለቲቢ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን የታክሮሊመስን መጠን በደም ውስጥ ክፉኛ ስለሚቀንስ፣ የትም ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ኩላሊት የተተከለለት መሆኑን አስቀድማችሁ ተናገሩ። የባህል መድኃኒትም ያለ ምክር አይወሰድ። ረመዳን ሲመጣ ከኢፍጣር እስከ ሱሁር ያለው ሰዓት 12 አይሞላም፤ ሃይማኖቱ ለታመመ ሰው ፈቃድ ስለሚሰጥ ከጾሙ በፊት ሐኪምንም የሃይማኖት አባትንም ማማከር ይገባል።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። እኛ ቤት መድኃኒቱን እንደ መጋዘን ዕቃ እንቆጥረዋለን። በየሳምንቱ ዓርብ ቀሪው ይቆጠራል፤ ለ15 ቀን የሚበቃ ብቻ ሲቀር ግዢ ይጀመራል። አልቆ ከተፈለገ ግን መድኃኒት ቤቱ ላይኖረው፣ ገንዘቡም ላይሞላ፣ መኪናውም ላይገኝ ይችላል። በዚያ መካከል የሚያልፉት ቀናት በገንዘብ አይመለሱም።

ስለዚህ ለጉባኤው አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የማኅበራችን የችግር ጊዜ ብድር እስካሁን የሚሰጠው ለለቅሶና ለወሊድ ነው። ለዘወትር መድኃኒትም ይፈቀድ፤ የአንድ ወር መድኃኒት መግዣ ያለ ወለድ፣ ማመልከቻ በቀረበ በሁለት ቀን ውስጥ ይሰጥ፤ ደመወዝ ወይም የከብት ሽያጭ ሲገኝ ይመለስ። የተበዳሪዋ ስምና በሽታ በስብሰባ አይነበብ። ደጋፊዎቻችንም የምንጠይቃችሁ ይህን ብድር የሚያስጀምር መነሻ ገንዘብ ነው። ሒሳቡን በየሦስት ወሩ አዘጋጅቼ ለማቅረብ ቃል እገባለሁ።

አንዲት እናት ከአካሏ ከፍላ የሰጠችው ኩላሊት በአሥራ አምስት ቀን የገንዘብ እጥረት እንዳይጠፋ ማድረግ ከአቅማችን በላይ አይደለም።