ሳይታመሙ መመርመር፦ ሴቶች ለማሕፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ለምን ይመጣሉ? ለምንስ ይቀራሉ?



አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። የማሕፀን በር ካንሰር ግን ራሱን ከባለቤቱ የሚደብቅ በሽታ ነው። መንሥኤው ሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ ሲሆን፣ ከቫይረሱ እስከ ካንሰሩ ያለው ጉዞ ብዙውን ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ ይፈጃል። በእነዚያ ዓመታት ሴቲቱን የሚያማት ነገር የለም። ሳያማት ሐኪም ቤት የምትሄደው ለምንድን ነው?

ምርመራው አጭር ነው። ባለሙያዋ የማሕፀን በሩን በተበረዘ አሴቲክ አሲድ ትቀባለች፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ነጥቶ የሚታይ ቦታ የቅድመ ካንሰር ለውጥ ምልክት ሊሆን ይችላል። ለውጡም ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ይታከማል። በአገራችን ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ይመከራል።

ታዲያ ለምን እንቀራለን? «እንቀራለን» ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ይህንኑ እያስተማርሁ የራሴን ምርመራ አራት ዓመት አዘግይቻለሁ። ዕውቀት አልጐደለኝም። በጤና ጣቢያው የምትመረምረው ነርስ የቀድሞ ተማሪዬ ስለነበረች አፈርሁ፤ ውጤቱንም ፈራሁ። በመጨረሻ የወሰደችኝ ጎረቤቴ ናት። ቡና እየጠጣን ሳለ «ነገ ልመረመር ነው፤ ብቻዬን ግን ፈራሁ፤ እባክሽ አብረን እንሂድ» አለችኝ። ሄድን። የእኔ ደኅና ሆነ፤ በእርሷ ላይ ለውጥ ታየ። በዚያው ዕለት ታክማ አብረን ተመለስን።

ከዚያ ወዲህ መጠይቅ ሳዘጋጅ «ታውቂያለሽ?» በሚለው ብቻ አልረካም። ሦስት ጥያቄዎች እጨምራለሁ፦ ማን ያይሻል? ቢገኝብሽ የት ትታከሚያለሽ? ማን አብሮሽ ይሄዳል? የምርመራው ክፍል በር ወደ ሰፊው መተላለፊያ የሚከፈት ከሆነ፣ ያገልግሎቱ ሰልፍም ከኤች አይ ቪ ክትትል ጋር አንድ ከሆነ፣ የምትቀረዋ ሴት አላዋቂ አይደለችም፤ የጎረቤትን ዓይን አስልታ የቀረች ናት። «የግንዛቤ ማነስ» ብለን መዝግበን ስንዘጋው፣ የእኛን ጉድለት በእርሷ ላይ እንጽፋለን።

በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ክትባት ተጀምሯል። እናቶቻቸውን ግን ክትባቱ አልደረሰላቸውም፤ ያላቸው ተስፋ ምርመራው ነው። ስለዚህ ውድ ተማሪዎች፣ ወደ መንደር ስትወጡ «ሂጂ» ከማለታችሁ በፊት ክፍሉ መጋረጃ እንዳለው፣ ሕክምናውም በቦታው መኖሩን አረጋግጡ። ከዚያም «አብረን እንሂድ» የምትል ጎረቤት ፈልጉ።