ውሻችንን እንጠብቅ፣ ቤታችንን ይጠብቃልና



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ውሻ ነው። «ስለ ውሻ ደግሞ ምን ንግግር ያስፈልጋል?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እስቲ እንጠያየቅ። ሌሊት ጅብ ወደ በረት ሲጠጋ የሚጮኸው ማን ነው? ማሽላው ሲደርስ ዝንጀሮ የሚያባርረው፣ ከእረኛው ልጅ ጋር ሜዳ የሚውለው ማን ነው? ውሻ ነው።

እኛ ግን በሬ ሲታመም እንሮጣለን፤ ውሻ ሲታመም ዝም እንላለን። የውሻ በሽታ ውሻው ላይ ብቻ አይቀርም። ወደ ከብቱም ወደ ልጆቻችንም ይሻገራል። ስለዚህ ውሻን መጠበቅ ማለት ቤተሰብን መጠበቅ ማለት ነው።

ከሁሉ የከፋው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ይህ በሽታ ከእርግማን ወይም ከፀሐይ ሙቀት የሚመጣ አይደለም። የሚያመጡት በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። እነዚህ ተሕዋስያን በታመመው ውሻ ምራቅ ውስጥ ይገኛሉ። ውሻው ሲነክስ ወይም የቆሰለ ቦታ ሲልስ ወደ ሰውነት ይገባሉ። ከዚያም ነርቭ በሚባሉት ቀጫጭን ክሮች በኩል ቀስ እያሉ ወደ አንጎል ይጓዛሉ። ጉዞው ብዙ ጊዜ ሳምንታት ወይም ወራት ይፈጃል። አንጎል ደርሰው የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ ግን የሚያድን መድኃኒት የለም። እንግዲህ የተነከሰን ልጅ ማዳን የሚቻለው ጉዞው ሳያልቅ ነው።

ያበደ ውሻ ሁሉ እየሮጠ የሚናከስ አይምሰላችሁ። አንዱ ጌታውን ሳይለይ ይናከሳል፤ እንጨትና ድንጋይ ይነክሳል፤ ድምፁ ይለወጣል፤ ለሃጩ ይዝረበረባል። ሌላው ግን ጸጥ ይላል። ጨለማ ቦታ ይደበቃል፤ መንጋጋው ይወድቃል፤ መዋጥ ያቅተዋል። ይህን ያየ ሰው «አጥንት አንቆት ነው» ብሎ እጁን ወደ አፉ ይሰዳል። ይህ ትልቅ አደጋ ነው! ጠባዩ የተለወጠ ውሻ አትንኩ። ልጆችን አርቁ። ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ቶሎ ንገሩ። ውሻው ቢሞትም በባዶ እጅ አትያዙት።

መከላከያው ክትባት ነው። በ1877 ዓ.ም. ሉዊ ፓስተር የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ፣ ያበደ ውሻ የነከሰውን ዦዜፍ ሜስተር የሚባል የ9 ዓመት ልጅ በአዲሱ ክትባት እንዲከተብ አደረገ። ልጁ ዳነ፤ አድጎም ትልቅ ሰው ሆነ። ዛሬ ክትባቱ ለሰውም ለውሻም አለ። ቡችላ 3 ወር ሲሆነው ይከተብ። ከዚያ በኋላ ባለሙያው በሚነግራችሁ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ በየዓመቱ፣ ይደገምለት።

አንድ ሰው ብቻውን ውሻውን ቢያስከትብ ጥሩ ነው፤ ግን አይበቃም። በሽታው ከመንደር የሚጠፋው ከ10 ውሾች ቢያንስ 7ቱ ሲከተቡ ነው። እስቲ በተማርነው ሒሳብ እናስላው። በአንድ መንደር 40 ውሾች ቢኖሩ ስንቱ ይከተቡ? 28ቱ። ቁጥሩ ከዚያ ካነሰ በሽታው መሿለኪያ ያገኛል።

በባሌ ተራሮች የሆነውን ልንገራችሁ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይገኝም። በ1996 ዓ.ም. የእብድ ውሻ በሽታ ከመንደር ውሾች ወደ ቀይ ቀበሮዎቹ ተሻገረና ብዙዎቹን ጨረሰ። በሽታውን ለመግታት ባለሙያዎች ቀበሮዎቹን እየያዙ መክተብ ግድ ሆነባቸው። ውሻን በመንደር መክተብ ሲቻል ቀበሮን በዱር ማሳደድ እንዴት እንደሚከብድ እናንተው ፍረዱ።

ውሻ የነከሰው ሰው ምን ያድርግ? ወዲያው ቁስሉን በብዙ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይጠብ። አመድ፣ በርበሬ፣ ጭቃ ወይም ቅጠል አያድርግበት። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጸበል የሚሄድም ሰው ክትባቱን አይተው። መርፌው የተቆጠረ ቀን አለው፤ አንዱም አይዘለል። የነከሰው ውሻ ያለ አደጋ መታሰር ከቻለ 10 ቀን ታስሮ ይታይ። የተነከሰው ሰው ግን 10 ቀን አይጠብቅ።

ሌላም በሽታ አለ። በግ ስናርድ በጉበቱ ወይም በሳምባው ላይ ውሃ የቋጠረ እባጭ እናያለን። ብዙ ሰው ቆርጦ ለውሻ ይጥለዋል። በእባጩ ውስጥ ግን የትል ዘር አለ። ውሻው ሲበላው በአንጀቱ ውስጥ ትናንሽ ትሎች ይሆናሉ። የትሎቹ እንቁላል ከኩሱ ጋር ይወጣና በሣሩ፣ በጓሮው ጎመንና በውሻው ጠጉር ላይ ይቀራል። በጉ ከሣሩ ጋር ይበላዋል። ልጁም ውሻውን ደባብሶ እጁን ሳይታጠብ ሲበላ ይውጠዋል። ያ እባጭ በሰው ጉበት ውስጥም ለዓመታት ያድጋል። ስለዚህ እባጭ ያለበትን ሥጋ አቃጥሉት፤ ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩት። ለውሻው የትል መድኃኒት ከባለሙያ ጠይቁ። ልጆች ከምግብ በፊት እጃቸውን ይታጠቡ።

ከመርዝም እንጠንቀቅ። ለጅብ ወይም ለአይጥ የተቀመጠ መርዝ ውሻን ይገድላል። በመርዝ የሞተ አይጥ የበላ ውሻም ሊመረዝ ይችላል። ለሰብል የሚረጨውን መድኃኒት ለቁንጫና ለመዥገር ብላችሁ በውሻው ገላ ላይ አታፍስሱ። ውሻው ይልሰዋል፤ ልጅም ይነካዋል። ለዚህ ሲባል የተዘጋጀ የእንስሳ መድኃኒት አለ። «ኃይለኛ ይሁን» ብሎ የቡችላ ጆሮ መቁረጥም ቁስል ያመጣል እንጂ ጀግንነት አይጨምርም። ታስሮ የሚውል ውሻ ጥላና ንጹሕ ውሃ አይጣ።

ወገኖቼ! «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» ይባላል። ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ የውሻችሁን ዕድሜና የተከተበበትን ቀን በደብተራችሁ ጻፉ። ያልተከተበ ከሆነም «አልተከተበም» ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ ከጎረቤት ጋር ሆናችሁ የመንደሩን ውሾች ቁጠሩ። ቁጥሩን ይዛችሁ ወደ ቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ አብራችሁ ሂዱ። ፊደል የቆጠርነው ለእንዲህ ያለው ሥራ ነው።