ከባድ ጭነት፣ ፈቃድና ድልድይ



ዛሬ ከትምህርት በኋላ ጥቂት እንድትቆዩ የለመንናችሁ ስለ አንድ ቁጥር ለመነጋገር ነው። ቁጥሩን ሁላችሁም አይታችሁታል። በወንዛችን ድልድይ ራስ ላይ በቆመው የብረት ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ነው።

ባለፈው ሳምንት ከገበያ አብረን ስንመለስ አንዲት እናት ሰሌዳው ፊት ቆም አሉ። «ቆዩ እስቲ ልጆቼ፤ አንድና ዜሮ አሥር፣ ከዚያ ቀጥሎ ‹ቶን› ይላል» ብለው አነበቡት። እኛ ደስ ብሎን አጨበጨብን። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ይህን ሁሉ ዘመን ስመላለስ ድልድዩን ያሠራው ሰው ስም የተጻፈበት ይመስለኝ ነበር። ለመሆኑ ቶን ምንድነው? ለማንስ ነው የተጻፈው?» ሲሉ ጠየቁን።

በመንገድ ላይ ባጭሩ መለስንላቸው። ማታ ግን እርስ በርሳችን ስንነጋገር መልሳችን እንዳልበቃ ተሰማን። ስለዚህ ዛሬ ለሁላችሁም እንዘርዝረው።

ቶን የክብደት መለኪያ ነው። አንድ ቶን 1000 ኪሎ ነው፤ ማለት 10 ኩንታል። እንግዲህ አሥር ቶን 100 ኩንታል ይሆናል። ሰሌዳው የሚለው ከ100 ኩንታል በላይ የሚመዝን መኪና፣ ከነጭነቱ፣ በዚህ ድልድይ ላይ አይለፍ ነው።

አሁን ደግሞ ከወንዙ ዳር አሸዋ ጭኖ የሚመጣውን ገልባጭ መኪና እናስብ። ከኋላው ሁለት ረድፍ ጎማ ያለው ትልቁ መኪና ባዶውን ብቻ ከ100 ኩንታል በላይ ይመዝናል። አሸዋው ጢም ብሎ ሲሞላ ደግሞ ሌላ ከ200 ኩንታል በላይ ይጨመርበታል። ሰሌዳው 100 ይላል፤ መኪናው ከ300 በላይ ሆኖ ያልፋል።

«ታዲያ ድልድዩ ለምን እስካሁን አልወደቀም?» የሚል አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው። ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ትርፍ ጉልበት ይሰጠዋል። ልክ ቤት ስንሠራ ምሰሶውን ከሚያስፈልገው ይልቅ ወፈር አድርገን እንደምንቆርጠው ነው። የድልድዩ ጉልበት ግን እንደ በሬ ጉልበት አያርፍም፣ ግጦ አይታደስም። ከልክ በላይ የሆነ ጭነት ባለፈ ቁጥር በብረቱና በሲሚንቶው ውስጥ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ትንሽ ትንሽ ይረዝማል። ከሥር ገብታችሁ ያያችሁ እንዳላችሁ እኛም ገብተን አይተናል፤ አሁንስ በዓይንም መታየት ጀምሯል።

ድልድዩ ይህ ነው። መንገዱም የራሱ ነገር አለው።

መኪና ክብደቱን ወደ መሬት የሚያወርደው በጎማው ነው። ግራና ቀኝ ጎማዎቹን የሚያያይዘው ብረት አክስል ይባላል። በአገራችን ደንብ የፊተኛው አክስል እስከ 8 ቶን፣ ከኋላ ያለ ነጠላ አክስል ደግሞ እስከ 10 ቶን እንዲሸከም ተፈቅዷል። ልብ በሉ፤ ይህ አሥር ቶን የአንድ አክስል ብቻ ነው፤ በድልድያችን ላይ ያለው አሥር ቶን ግን የመላው መኪና ነው። ሁለቱን እንዳናምታታ። በሞጆና በአዋሽ በኩል የምታልፉ ከባድ መኪናዎች ተሰልፈው የሚቆሙበትን ቦታ ሳታዩ አልቀራችሁም። እሱ ሚዛን ነው፤ መኪናው እየተነዳ ላዩ ላይ ወጥቶ አክስል በአክስል ይመዘናል።

ጠቅላላውን መዝኖ መልቀቅ ሲቻል ለምን አክስል በአክስል ይመዘናል? ክረምት ላይ ጭቃ ውስጥ ስንሄድ ተረከዛችንን ብንተክል እንሰምጣለን። ሳንቃ ዘርግተን ብንረግጥ አንሰምጥም። ክብደታችን ያው ነው፤ ያረፈበት ቦታ ነው የተለየው። መንገድም የሚጎዳው በአንድ ቦታ በሚያርፈው ክብደት ነው።

ጉዳቱ እንዴት እንደሚያድግ ለማወቅ በአሜሪካ አገር፣ ኢሊኖይ በሚባለው ግዛት፣ ከ1951 እስከ 1953 ዓ.ም. ድረስ ትልቅ ሙከራ ተደርጎ ነበር። (ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምንናገረው።) ለሙከራ ብቻ መንገድ ሠርተው፣ ወታደሮች ቀንና ሌሊት እየተፈራረቁ የተለያየ ክብደት የጫኑ መኪናዎች ነዱበት። አክስሎቹ መንገዱን ከ1 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ረገጡት። ውጤቱ ሰውን የሚያስገርም ሆነ። የአክስሉ ክብደት እጥፍ ሲሆን የመንገዱ ጉዳት እጥፍ አይደለም የሆነው፤ ወደ 16 እጥፍ ነው የደረሰው። በዚሁ ሒሳብ ብንሄድ፣ 10 ቶን መሸከም በሚገባው አክስል ላይ 2 ቶን ብቻ፣ ማለት 20 ኩንታል ብንጨምር፣ ጉዳቱ በእጥፍ ይጨምራል። ነጋዴው «ሃያ ኩንታል ምን አላት» ይላል። አሥር ዓመት ይቆያል የተባለው መንገድ ግን በአምስት ዓመት ይፈርሳል።

እንግዲህ አንድ አባት ትናንት የጠየቁን ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሣል። «ሕጉ ይህን ያህል ጥብቅ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ወደ አዳማ ሲሄድ ያየነው፣ እንደ አሞራ ክንፍ የረዘመው ነገር እንዴት አለፈ?» ነበር ያሉን።

እሳቸው ያዩት የነፋስ ኃይል ማመንጫ ክንፍ ነው። ከ2004 እስከ 2007 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በአዳማ ኮረብታዎች ላይ ተሠርተው ያለቁት ሁለት የነፋስ ማመንጫ ጣቢያዎች በጠቅላላው 136 ማማዎች አሏቸው። እያንዳንዱ ማማ ሦስት ክንፍ አለው፤ አንዱ ክንፍ ከ30 ሜትር በላይ ይረዝማል። ይህ ሁሉ በመርከብ መጥቶ ከወደብ የተጓዘው በመኪና መንገድ ነው። እንዲህ ያለ ጭነት ከደንቡ ውጭ ነው፤ ግን ያልፋል። የሚያልፈውም በልዩ ፈቃድ ነው።

ልዩ ፈቃድ ማለት ሕጉን መጣሻ ወረቀት አይደለም። ነገሩን ከአህያ ጭነት እንጀምር። አንዲት አህያ ሁለት ኩንታል ጤፍ አትችልም፤ ስለዚህ ለሁለት አህያ ትከፍሉታላችሁ። ጤፍ ይከፈላል። የጎጆ ጣራ ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ስትፈልጉስ? ጣራው ለሁለት አይቆረጥም። ስለዚህ የሰፈሩ ሰው ተጠርቶ፣ ብዙ ሆኖ፣ ዙሪያውን ይዞ ያነሣዋል። ከማንሣቱም በፊት አንድ ሰው ቀድሞ ሄዶ አጥሩን፣ ዛፉን፣ ቦዩን ያያል። «በዚህ አይገባም፣ በዚያ ዙሩ» ይላል።

የመኪናውም ሥርዓት ይኸው ነው። በብዙ አገሮች ልዩ ፈቃድ የሚሰጠው ሊከፈል ለማይችል ጭነት ብቻ ነው፤ ለምሳሌ ለትልቅ የመብራት ኃይል ትራንስፎርመር፣ ለግድብ ተርባይን፣ ለነፋስ ክንፍ። እህል፣ ሲሚንቶ፣ አሸዋ አይሰጠውም፤ ቀንሰህ በሌላ መኪና ጫነው ይባላል። የማይከፈለው ጭነት ብዙ ጎማ ባለው ሎቤድ ላይ ይጫናል፤ ሰው በዝቶ ጣራ እንደሚያነሣው ጎማው በዝቶ ክብደቱን ይካፈለዋል። በማመልከቻው ላይ የጭነቱ ክብደት፣ ቁመት፣ ወርድና ርዝመት፣ የአክስሎቹ ቁጥርና በመካከላቸው ያለው ርቀት፣ የሚያልፍበትም መንገድ ይጻፋል። ከዚያ በኋላ ፈቃጁ ክፍል በየትኛው ድልድይ እንደሚያልፍ፣ በስንት ሰዓት እንደሚጓዝ፣ ስንት አጃቢ መኪና እንደሚቀድምና እንደሚከተል ይወስናል። ቀይ ጨርቅ ማሰር፣ መብራት ማብራት የመሳሰለውም አለ፤ እሱ ቀላሉ ነው።

ከባዱ ነገር በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ከመንገዱ ጋር ማስተያየት ነው። ይህን ሳያደርጉ ቢቀሩ ምን እንደሚመጣ በአሜሪካ፣ ዋሽንግተን በምትባለው ምዕራባዊት ግዛት የሆነውን እንንገራችሁ።

ግንቦት 15 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ነው። አንድ ከባድ መኪና ለጉድጓድ መቆፈሪያ የሚሆን፣ የብረት ቤት የሚመስል ትልቅ ዕቃ ጭኖ ከካናዳ ወደ ደቡብ ይወርዳል። በዚያ ግዛት ያለ ፈቃድ የሚታለፈው ቁመት 4 ሜትር ከ27 ሳንቲሜትር ነው። የዚህ ጭነት ቁመት 4 ሜትር ከ80 ሆኖ በፈቃዱ ላይ ተጽፏል። ፈቃድ አለው። ከፊቱም አጃቢ መኪና አለች፤ በአፍንጫዋ ላይ ከጭነቱ ጥቂት ከፍ ያለ ዘንግ ቆሞባታል። ዘንጉ አንድ ነገር ከነካ የአጃቢዋ ሹፌር ወዲያው በሬድዮ «ቁም!» ማለት አለባት።

ስካጂት የሚባለው ወንዝ ላይ ደረሱ። ድልድዩ በ1947 ዓ.ም. ገደማ የተሠራ የብረት ድልድይ ነው፤ ከላዩ ግራና ቀኙን የሚያያይዙ የብረት ማገሮች አሉት። ማገሮቹ እንደ ቀስት የጎበጡ ናቸው፤ መካከል ላይ ከፍ ይላሉ፣ ወደ ዳር ዝቅ ይላሉ። መኪናው በመካከል በኩል ቢያልፍ ኖሮ ማገሩ አይነካውም ነበር። እሱ ግን በቀኝ ዳር ነበር የሚሄደው፤ በግራው ሌላ ከባድ መኪና እየቀደመው ነበር። የአጃቢዋ ሹፌር በስልክ ትነጋገር ነበር። በድልድዩ መግቢያ ላይ ስለ ቁመቱ የሚናገር ሰሌዳ አልነበረም።

ጭነቱ ማገሩን መታው፤ ቀጥሎ ሌላውን፣ ከዚያም ሌላውን። መኪናው ራሱ ተሻገረ። ከኋላው ግን 49 ሜትር ያህል የድልድዩ ክፍል ወንዝ ውስጥ ወደቀ። ሁለት ተሽከርካሪዎች አብረው ወደቁ። በውስጣቸው የነበሩት ሦስት ሰዎች በጀልባ ወጥተው ተረፉ፤ አንድም ሰው አልሞተም። በቀን ወደ 70 ሺህ ተሽከርካሪ የሚያልፍበት አውራ ጎዳና ግን ተዘጋ። ጊዜያዊ ድልድይ ተሠርቶ መንገዱ የተከፈተው ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው።

መርማሪዎች ሲያጣሩ ጭነቱ በወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ጥቂት ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ ተገኘ። ትልቁ ነገር ግን ይኸ አልነበረም። ፈቃዱ የተሰጠው በኮምፒዩተር ነው፤ ያን ጊዜ በነበረው ደንብ መንገዱን አይቶ ጭነቱ መግባት አለመግባቱን ማረጋገጥ የጫኙ ኃላፊነት ነበር። ፈቃጁ ጫኙ አይቶታል አለ። ጫኙ ፈቃድ ይዣለሁ አለ። ሹፌሩ በአጃቢዋ ተማመነ። ያን ድልድይ ከዳር እስከ ዳር በዚያ ጭነት ልክ የለካ አንድም ሰው አልነበረም።

እኛም በዚህ ታሪክ ላይ ማታ ስንከራከር አመሸን። ከመካከላችን አንዱ ጥፋቱ የሹፌሩ ነው አለ፤ ሌላዋ ሳያይ ወረቀት የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ነው የሚጠየቀው አለች። በመጨረሻ የተስማማነው ለሁሉም ድርሻ ድርሻ በመስጠት ነው፤ ግን ትልቁን ድርሻ ለማን እንስጥ በሚለው አሁንም አልተስማማንም። እናንተ በሽምግልና ብታዩት ምን ትፈርዱ ይሆን?

አሁን ወደ ወንዛችን እንመለስ። የአሸዋው መኪና ልዩ ፈቃድ ሊያገኝ ይችላልን? አይችልም። አሸዋ ይከፈላልና። ሰሌዳው የሚለው ባዶው መኪና እንኳ ከልክ በላይ መሆኑን ነው፤ ስለዚህ ግማሽ ጭነት ጭኖ ቢያልፍም ጥፋት ነው። ማለፍ ያለበት በትንሽ መኪና ተጭኖ ነው።

ይህን ስንናገር ዝም ያላችሁ አላችሁ፤ ለምን ዝም እንዳላችሁም እናውቃለን። አሸዋውን የሚጭኑት የራሳችሁ ልጆች ናቸው። በቀን የሚያገኙት ገንዘብ ለዘይትና ለጨው፣ ለትምህርት ቤት ደብተር ይሆናል። ትልቁ መኪና ሲቀር ሥራው ሊቀንስ ይችላል። ይህን እንደ ቀላል ነገር አንቆጥረውም፤ ከተማ ተወልደን ስለ ሰው እንጀራ በነፃ መናገር አይገባንም። ቢሆንም ድልድዩ ከወደቀ ትንሹም መኪና አያልፍም። ምጥ የያዛትን ሴት የሚያመጣው መኪና አያልፍም። የዘንድሮው ጤፍ በክረምቱ ጎርፍ ማዶ ለማዶ ይቀራል። በአህያ ዞሮ ለመውረድ ግማሽ ቀን እንደሚፈጅ እናንተው ናችሁ የነገራችሁን። በትንሽ መኪና የሚጫን ከሆነ ደግሞ መኪናው ይበዛል፤ ለጫኝ የሚሆነው ሥራ ላይቀንስ ይችላል። እርግጠኞች አይደለንም። ልጆቹ ራሳቸው ተጠርተው ይነጋገሩበት።

ትናንት ከእናንተ ጥቂት ሰዎች ጋር ሆነን ለወረዳው የመንገድ ክፍል ደብዳቤ ይጻፍ ተባብለናል። ደብዳቤው ሦስት ነገር እንዲጠይቅ አስበናል፤ መሐንዲስ መጥቶ ስንጥቁን እንዲያይ፣ ቀለሙ የለቀቀው ሰሌዳ እንዲታደስ፣ ሁለተኛ ሰሌዳም ከወንዙ ማዶ፣ አሸዋው በሚጫንበት በኩል እንዲቆም። አሁን ያለው በዚህ በኩል ብቻ ስለሆነ ጭኖ ከማዶ የሚመጣ ሹፌር አያየውም።

ደብዳቤውን እኛ አንጽፈውም። ሰሌዳውን ያነበቡት እናት ይናገራሉ፣ የሁለተኛው መጽሐፍ ተማሪዎች ይጽፋሉ፤ እኛ ፊደል የተሳሳተ እንደሆነ ብቻ እናርማለን። ቅዳሜ ጠዋት ገመድና ሜትር ይዘን ድልድዩ ሥር እንገናኝ። ስንጥቁ ከየት እስከ የት እንደሆነ ለክተን ቁጥሩን በደብዳቤው ውስጥ እናስገባለን። ውሃው ገና ዝቅ ያለ ስለሆነ መግባት ይቻላል፤ ጫማ ግን አውልቁ፣ ድንጋዩ ያንሸራትታል።