የማውስ ጠቅታና የደረሰኙ ጉዳይ



ቀድሞ አሰበ ተፈሪ በምትባለው በጭሮም ሆነ በሂርና፣ በበደሳና በገለምሶ ኮምፒውተር ከመዝገቡ ጎን ስፍራ ስለ ያዘ፣ ስለ ማውስ ጥቂት ቃል መናገር የተገባ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ይህን ዕቃ አሜሪካዊው ዳግላስ ኤንግልባርት ከባልደረባው ከቢል ኢንግሊሽ ጋር በ1964 (እ.ኤ.አ.) ሠርቶ፣ በ1968 በሳን ፍራንሲስኮ ለጉባኤ አሳይቷል።

አንድ ባላገር ግብሩን ሊከፍል ከሩቅ ቀበሌ ወደ ጭሮ መጣ እንበል። ገንዘብ ተቀባዩ «መዝግብ» የሚለውን ቁልፍ ይጫናል፤ መስኮቱ ዝም ይላል፤ ደግሞ ይጫናል። በመጨረሻ ሁለት ደረሰኝ ይወጣል፤ ማታ ሒሳብ ሲዘጋም ጉድለቱ በእርሱ ስም ይጻፋል። ጥፋቱ ግን የፕሮግራሙ እንጂ የሰውየው አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ አንድ ጊዜ ጠቅ አደረግን ብንልም፣ ለፕሮግራሙ የሚደርሱት መልእክቶች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ጣት ሲጫን፣ ሁለተኛው ጣት ሲለቅ። ከእያንዳንዱም ጋር ቀስቱ የቆመበት ስፍራ ይነገራል። መልእክቶቹ እንደ ባለጉዳይ ይሰለፋሉ፤ ፕሮግራሙም በየተራ ያስተናግዳቸዋል። በአንዱ ላይ ረዥም ሥራ ከያዘ ግን የቀሩት በር ላይ ይቆማሉ፤ መስኮቱም የደነዘዘ ይመስላል። ሠራተኛው ተጨንቆ የጨመረው ጠቅታ አይጠፋም፤ ተራው ሲደርስ ይፈጸማል። ያረጀ ማውስም አንዱን ጠቅታ ሁለት አድርጎ ሊልክ ይችላል።

ስለዚህ ፕሮግራም የምታሠሩ ኃላፊዎችና የምትሠሩ ወጣቶች ሦስት ነገር አትርሱ። አንደኛ፣ ትእዛዙ ጣት ሲለቅ እንጂ ሲጫን አይፈጸም፤ ሳያስብ የተጫነ ሰው ቀስቱን ከቁልፉ ላይ አንሸራቶ ሐሳቡን ለመለወጥ ይችላልና። ሁለተኛ፣ ረዥሙ ሥራ ለብቻው በሌላ መሥመር ይካሄድ፤ እስኪያልቅም ቁልፉ ይታሰር፤ ለሠራተኛው «በመመዝገብ ላይ» የሚል ቃል ይታየው። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ክፍያ የራሱ ቁጥር ይኑረው፤ ያው ቁጥር ዳግመኛ ቢመጣ መዝገቡ አይቀበለው።

ፕሮግራሙን ከመረከባችሁ በፊት ቁልፉን በፍጥነት አምስት ጊዜ ደጋግማችሁ ተጫኑት። ደረሰኙ አንድ ብቻ ከሆነ ተረከቡ፤ ከአንድ ከበለጠ ለሠሪው መልሱለት። የባላገሩ ገንዘብና የሠራተኛው መልካም ስም የሚጠበቀው በዚህ ነው።