በጋን ውስጥ ያለው ጠጋኝ
በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር



የወንዛችን ልጆች ወረታን ሲያነሡ ሩዙን፣ የፎገራን ላም፣ የርብንና የጉማራን ጎርፍ ያወሳሉ። እኛ ዛሬ የተነሣነው ስለ ጠላው ልንናገር ነው። ሣቃችሁን ለጊዜው ያዙልን፤ ነገሩ የቀልድ አይደለምና።

ጋኑ በወይራ ታጥኖ፣ ጌሾው ተጠንስሶ፣ ብቅሉና ቂጣው ሲገባበት፣ ማንም እርሾ ሳይገዛ ይፈላል። በፎገራ ሜዳ ዛሬ ሩዙም የጠላ እህል ሆኗል። ይህን ሥራ ከሚሠሩት ጥቃቅን ሕያዋን ዋነኛው ሊቃውንት ሳካሮማይሲስ ሰረቪሲዬ የሚሉት እርሾ ነው። ይኸው እርሾ በ16 ክሮሞሶሞቹ ላይ 12 ሚሊዮን ያህል የፊደል ጥንዶችና ወደ 6,000 የሚጠጉ ጂኖች ያሉት ሲሆን፣ የዘሩ ጽሑፍ በሙሉ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው።

ዲ.ኤን.ኤ. የምንለው ይህ ጽሑፍ ሁልጊዜ ይጎዳል። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ጎረቤታሞቹን ፊደላት ያጣብቃቸዋል፤ ኤክስሬይ ደግሞ ሁለቱን ክሮች በአንድ ላይ ይበጥሳል። ተመራማሪዎች እርሾውን በጨረር እየመቱ፣ ወንድሞቹ በሚተርፉበት መጠን የሚሞተውን ለይተው ያዙ። የሚሞተው የጎደለው ጂን አለና፣ እነዚህን ጂኖች ራድ ብለው በቁጥር ጠሯቸው። ራድ1፣ ራድ2፣ ራድ3 የተጣበቀውን ቦታ ቆርጠው ለማውጣት ያገለግላሉ፤ ክፍተቱም ከማዶው ክር እየታየ ይሞላል። የራድ52 ወገን የሆኑት ግን የተበጠሰውን ይጠግናሉ፤ ይኸውም ቅጠሉ የተቀደደበትን ዳዊት ቁም ጸሐፊ ከሌላ ቅጂ እያየ እንደሚሞላው ነው። ራድ52 የሌለውን እርሾ አንዲት ብጣሽ ብቻ ልትገድለው ትችላለች።

ከሁሉ የሚያስደንቀን ራድ9 ነው። ዋይነርትና ሃርትዌል እ.ኤ.አ. በ1988 እንዳሳዩት፣ ይህ ጂን ራሱ አይጠግንም፤ ጉዳቱ እስኪጠገን ድረስ ሕዋሱ እንዳይከፈል ያግዳል። እርሱ ከሌለ ሕዋሱ ስብራቱን እንደ ያዘ ይከፈልና ይሞታል።

«የእርሾ ቁስል ለሰው ምኑ ነው?» የሚል አይጠፋም። ክሊቨር እ.ኤ.አ. በ1968 ፀሐይ ቆዳቸውን ክፉኛ የሚጎዳቸው፣ ዜሮደርማ የተባለው በሽታ ያለባቸው ሰዎች ሕዋስ መጠገን እንደሚሳነው ገለጠ። ኋላም ከበሽታው ጂኖች አንዱ የእርሾው ራድ3 አቻ ሆኖ ተገኘ። በሀገራችን ሴቶች ላይ ከሚታዩት ነቀርሳዎች ቀዳሚው የጡት ነቀርሳ ነው። ብራካ2 የተባለው ጂን ሲበላሽ ለዚህ በሽታ ያጋልጣል፤ ሥራውም ራድ51ን ከተሰበረው ክር ጋር ማገናኘት ነው። እርሾ ብራካ2 የለውም፤ በእርሱ ዘንድ ይህን የሚሠራው ራድ52 ነው። ስለዚህ እርሾ ያስተምራል እንጂ ሰውን በሁሉ አይተካም።

አሁን ወደ ጉዳያችን እንምጣ። የዓለም ቤተ ሙከራዎች በብዛት የሚጠቀሙበት እርሾ አብዛኛው ዘሩ የሚመዘዘው እ.ኤ.አ. በ1938 በካሊፎርንያ፣ በመርሴድ ከተማ፣ ከበሰበሰ በለስ ላይ ከተገኘ እርሾ ነው። ከበለስ ይህን ያህል ከተማሩ፣ የወረታ ጋን የሚናቅበት ምክንያት አይታየንም። የምንጠይቀው እርሾው ከየእናቶቻችን ጋን፣ በፈቃዳቸውና ቦታው ተመዝግቦ፣ እንዲሰበሰብና በዩኒቨርሲቲያችን ማቀዝቀዣ እንዲጠበቅ ነው። የፋብሪካ እርሾና ቢራ በየመንደሩ እየገባ ሳለ ሥራው ለከርሞ የሚባል አይደለም። «የደጋ ፀሐይ ስላጠነከረው ከፈረንጁ ይበልጣል» የሚለውን ግን አስቀድመን አንበል፤ ጋኑ ውስጥ ጨለማ ነው።

መመርመሪያው ውድ አይደለም። እኩል መጠን ያለው እርሾ በፔትሪ ሳህን ላይ ይዘራል፤ በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር አንዱ 10፣ አንዱ 20፣ አንዱ 30 ሰከንድ ይቆያል፤ ከዚያም የበቀለው ይቆጠራል። ሳህኖቹ ከመብራቱ እንደ ወጡ በጥቁር ጨርቅ ይጠቅለሉ። እርሾ በብርሃን ኀይል የሚጠግን ሌላ ኢንዛይም ስላለው፣ መስኮት አጠገብ የተረሳ ሳህን ቁጥራችንን ያበላሽብናል።