ለዘር የተቀመጠው እህል



በቤተ ክርስቲያናችን አቈጣጠር ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ቀን ሲሆን እስከ ሰኔ 25 ቀን ይቈያል። ስለዚህ ገበሬው ጸደይን የሚጠባበቀው በዐቢይ ጾም ውስጥ ሆኖ ነው።

በዚህ ወራት በልግ በሚዘራበት በወሎና በሰሜን ሸዋ ደጋ አባት ሞፈሩንና ቀንበሩን ይጠግናል፤ እናት ለዘር ያኖረችውን ገብስ በሰፌድ ታበጥራለች፤ ልጆችም ሣሩ በሳሳበት መስክ በሬዎቹን ይጠብቃሉ። ጎተራው ጐድሎአል፤ እናት ግን የዘሩን እህል አትነካም። ዛሬ ብትፈጨው ነገ የሚታጨድ እንደማይኖር ታውቃለችና።

ዳሩ ግን ዘሩን በልቶ የጨረሰ ጎረቤት አለ። የበላውም ሰንፎ ሳይሆን ታሞ ወይም ዝናብ ከድቶት ነው። በሬውም አንድ ብቻ ስለ ሆነ መቀናጆ ይፈልጋል። አንዳንድ ባለጸጋ ለእንዲህ ያለው ሰው አንድ ቁና አበድሮ በመከር ሁለት ቁና ይቀበላል። ይህ ሰው ሥጋና ወተት ቢተውም የወንድሙን ላብ እየበላ ነውና ጾመ አይባልም።

የሰራፕታዋን መበለት አስቡ። ለራስዋና ለልጅዋ ከቀረው እፍኝ ዱቄት ለነቢዩ ኤልያስ አካፈለች፤ ማድጋዋም አልጐደለም።

እንግዲህ ባልና ሚስት ሆይ፥ ዛሬ ማታ ልጆቻችሁ እየሰሙ ተማከሩ፤ ለጎረቤታችሁ ዘር ያለ ወለድ አበድሩ፤ በሬአችሁንም አቀናጁ። የእኛ ጾም የጎረቤታችን መሬት ጦም እንዳያድር የሚያደርግ ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።